ናስን በሌዘር ምት ሲሙሌሽን ውስጥ እንዴት እናስገባው?

ቦርከና (ኮምቦልቻ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡10

ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ በሌዘር የሚነሳ የምት ሞገድ በስስ የብረት ሉህ ውስጥ እንዴት እንደሚጓዝ በኮምፒውተር አሰላለሁ። ሌዘሩ የሉሁን ገጽ በናኖ ሰከንዶች ውስጥ ወደ ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ ከአቶሞቹ ወደ ተለዩበት የጋለ ጋዝ) ይለውጠዋል። ፕላዝማው ወደ ኋላ ሲፈናጠር የቀረውን ብረት ወደ ፊት ይገፋዋል፤ ግፊቱም ከድምፅ የሚፈጥን ሞገድ ሆኖ ብረቱን እያመቀ ያልፋል። ለንጹሕ አሉሚኒየምና ለንጹሕ መዳብ ስሌቱ ከታተሙ የሙከራ ውጤቶች ጋር ይገጥምልኛል። ችግሩ የሚመጣው ቅይጥ ላይ ስደርስ ነው።

የመረጥኩት ናስ ነው፤ በክብደት 70 በመቶ መዳብ፣ 30 በመቶ ዚንክ። የሉሁ ውፍረት 20 ማይክሮ ሜትር፣ የሌዘሩ የሞገድ ርዝመት 1.06 ማይክሮ ሜትር፣ ኃይሉ በካሬ ሴንቲ ሜትር 4 ትሪሊዮን ዋት ነው። በተለመደው ቀመር ሳሰላው ግፊቱ 100 ጊጋ ፓስካል ገደማ ይወጣል፤ የከባቢ አየርን ግፊት አንድ ሚሊዮን ጊዜ ያህል ማለት ነው።

ፕሮግራሙ የሚጠይቀኝ አንድ አቶማዊ ቁጥር፣ አንድ አቶማዊ ክብደትና አንድ የሁኔታ እኩልታ ሠንጠረዥ (የቁሱን ግፊት፣ እፍግታና ሙቀት የሚያያይዝ ሠንጠረዥ) ብቻ ነው። ሁለት መንገድ ይታየኛል። አንደኛው የሁለቱን አማካይ አውጥቶ አቶማዊ ቁጥሩ 29.3፣ ክብደቱ 64.1 የሆነ ንጥረ ነገር አስመስሎ ማስገባት ነው። ሁለተኛው የመዳብን ሠንጠረዥ እንዳለ ወስዶ እፍግታውን ብቻ ወደ ናስ መለወጥ ነው። የትኛው ይሻላል? ወይስ ከሁለቱም የተሻለ አለ? የምታውቁ ብታብራሩልኝ ትልቅ ውለታ ነው።

ሐይቅ ዳር — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡45

ለናስ ከሆነ አማካዩ ብዙ አይጎዳሽም። መዳብ 29፣ ዚንክ 30፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ናቸው። ነገር ግን ልማድ አድርገሽው ወደ ሌላ ቅይጥ እንዳትወስጂው አደራ። መዳብና ተንግስተን በአቶም ብዛት እኩል ለእኩል ቢቀላቀሉ አማካያቸው 51.5 ይሆናል። 51 ደግሞ አንቲሞኒ ነው! መዳብ ኤክስሬይን በኃይል መዋጥ ከሚጀምርባቸው ደረጃዎች ዋናው 9 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት አካባቢ ነው፤ የተንግስተን 10.2 ላይ ይገኛል። የአንቲሞኒ ግን አንዱ 4 አካባቢ፣ ሌላው 30 አካባቢ ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ በዒላማው ውስጥ የሌለ ብረት ጨረሩን ሲውጥና ሲያሳልፍ ያሰላልሻል፤ ወደ ፊት የሚያልፈው ሙቀትም አብሮ ይዛባል።

የኔ ምክር፦ ለጨረር ባሕርይ ሁልጊዜ የእያንዳንዱን ንጥረ ነገር ሠንጠረዥ ለየብቻ ወስደሽ በድርሻው ደምሪ። ስለ ግፊቱና ስለ እፍግታው ከኔ የተሻሉ ሰዎች አሉ፤ መምህር ጦሳን እንጠብቅ።

መምህር ጦሳ (ደሴ) — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡30

ጥያቄሽን ወድጄዋለሁ። ብዙ ሰው ፕሮግራሙ የጠየቀውን ሞልቶ ያልፈዋል፤ ቆም ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

እኔ ሉሁን በሐሳብ ለሁለት እከፍለዋለሁ። ሌዘሩ ያረፈበት ወገን ፕላዝማ ነው። እዚያ ኤሌክትሮኖች ከአዮኖች ጋር እየተጋጩ ሌዘሩን ይውጣሉ። የመዋጡን መጠን የሚወስነው የአዮኖቹ የኤሌክትሪክ ሙላት አማካይ ብቻ አይደለም፤ የሙላቱ ካሬ አማካይ ለሙላቱ አማካይ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። በዚህ የተነሳ ብዙ ሙላት የሚይዝ ከባድ አቶም ጥቂት ሆኖም ተጽዕኖው ይጎላል። ለናስ ልዩነቱ ኢምንት ነው፤ ሐይቅ ዳር ለጠቀሰው ለተንግስተን ግን ከባድ ነው።

ከፕላዝማው ጀርባ ያለው የታመቀ ብረት ሌላ ጉዳይ ነው። አቶማዊ ቁጥሩ 29.3 የሆነ ብረት በዓለም ላይ የለም። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበት በ1988 የታተመው ኪው-ኢ-ኦ-ኤስ የተባለው ሞዴል ኤሌክትሮኖቹን እንደ ጋዝ በሚቆጥረው በቶማስ–ፌርሚ ዘዴ ያሰላል። ይህ ዘዴ ስለ ኬሚካዊ ትስስር የሚያውቀው ነገር የለም፤ የጠጣሩን እፍግታና ለመታመቅ ያለውን እምቢታ ከውጭ እየሰጠነው ነው የሚታረመው። አማካይ ቁጥር ሰጥተሽ እነዚህን ሁለቱን ካላረምሽ ናስ ብለሽ የምታሰዪው ናስ አይሆንም።

የምመክርሽ ይዘት፣ ማለትም እያንዳንዱ የሚይዘውን ቦታ፣ መደመር ነው። በአንድ ግፊትና በአንድ ሙቀት ላይ አንድ ግራም ናስ የሚይዘው ቦታ፣ 0.7 ግራም መዳብ የሚይዘው ቦታና 0.3 ግራም ዚንክ የሚይዘው ቦታ ድምር ነው ብለን እንነሳ። በቁጥር እንሞክረው። የምት ሞገድ ሕጎች ራንኪን በ1870፣ ኡጎኒዮ በ1887 ያወጧቸው ናቸው፤ ከቁስ፣ ከሞመንተምና ከኢነርጂ ጥበቃ የመጡ ስለሆኑ ለማንኛውም ብረት ይሠራሉ። የብረቱ የራሱ ጠባይ የሚገባው በአንድ መስመር ነው፦ የሞገዱ ፍጥነት ማለት መነሻ ፍጥነቱ ሲደመር፣ ዳገቱ በተገፋው ብረት ፍጥነት ተባዝቶ ነው። ለመዳብ እፍግታው 8.93 ግራም በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር፣ መነሻው 3.94 ኪሎ ሜትር በሰከንድ፣ ዳገቱ 1.489። ለዚንክ 7.138፣ 3.005 እና 1.581።

በ100 ጊጋ ፓስካል መዳብ ወደ 73.5 በመቶ ይዘቱ ይታመቃል፤ ዚንክ ወደ 66 በመቶ። የተገፋው መዳብ 1.72፣ ዚንኩ 2.17 ኪሎ ሜትር በሰከንድ ይጓዛሉ። ይዘቶቹን በድርሻቸው ስደምር ናሱ ወደ 71 በመቶ ይታመቃል፤ የሞገዱ ፍጥነት 6.44፣ የተገፋው ናስ ፍጥነት 1.87 ይወጣል። የመዳብን ሠንጠረዥ ብቻ ብትወስጂ 1.72 አካባቢ ትቀሪያለሽ። ሁለተኛው መንገድሽ የማይሆነው ለዚህ ነው። እፍግታውን መለወጥ ዚንክ ያመጣውን ልስላሴ አያስገባም።

አሁን ልብ በይ። በዚሁ ድምር የናሱ መነሻ እፍግታ 8.30 ይወጣል። ትክክለኛው የ70/30 ናስ እፍግታ ግን 8.53 ነው። ዚንክ በራሱ ሲሆን አቶሞቹ የሚደረደሩበት መንገድ ሌላ ነው፤ መዳብ ውስጥ ሲገባ የመዳብን አደራደር ይይዝና ጠበብ ብሎ ይቀመጣል። ስለዚህ የድምሩን ይዘት በሙሉ 8.53 እንዲሰጥ በአንድ ቁጥር አጥብቢው። ያኔ የሞገዱ ፍጥነት 6.36፣ የተገፋው ናስ 1.84 ይሆናል። በመማሪያ መጻሕፍት ሠንጠረዥ ላይ ናስ 8.45፣ 3.73፣ 1.43 ተብሎ ይገኛል፤ በእሱ ስታሰዪ 6.38ና 1.85 ታገኛለሽ። 8.45 የ70/30 እፍግታ ስላልሆነ ንጽጽሩን በዚያው ልክ ውሰጂው፤ ቢሆንም በጣም ተቀራርበዋል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር እኔን ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። ከ6.44 ወደ 6.36 ያወረደን ልዩነት የመጣው ከመታመቁ ሳይሆን ከመነሻው እፍግታ ነው። ብረቱ ገና ሳይመታ ስንት ይመዝን እንደነበር በትክክል ማወቅ ግማሹን ሥራ ይጨርሳል።

ቦርከና — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡20

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉትን በወረቀት ሠርቼ ቁጥሮቹን በሙሉ አግኝቻቸዋለሁ። ሞገዱ 20 ማይክሮ ሜትር ለመሻገር በ6.44 ሲሆን 3.106፣ በ6.36 ሲሆን 3.145 ናኖ ሰከንድ ይፈጅበታል። ልዩነቱ 40 ፒኮ ሰከንድ ያህል ነው፤ የሉሁን ጀርባ ፍጥነት የሚለኩት መሣሪያዎች ሊለዩት የሚችሉት ነገር ስለሆነ ማረሙ ዋጋ አለው።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። መጀመሪያ በአንድ ግፊትና በአንድ ሙቀት ብለው ነበር። በስሌቱ ግን መዳቡንና ዚንኩን እያንዳንዳቸውን በየራሳቸው የምት መስመር ላይ ነው ያስቀመጧቸው። በአንድ ግፊት ተመትተው ዚንኩ የበለጠ ስለሚታመቅ የበለጠ አይሞቅም? ታዲያ ሙቀታቸው እንዴት አንድ ይሆናል?

መምህር ጦሳ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡00

ትክክል ነሽ፣ ይሞቃል። በወረቀት ለመሥራት እንዲቀል ነው በየመስመራቸው ያስቀመጥኳቸው። በዚህ ግፊት ላይ የሙቀት ልዩነቱ ይዘቱን የሚለውጠው በጥቂቱ ስለሆነ ፍጥነቱ ብዙ አይነካም። ለሠንጠረዡ ግን ሙቀቱን አንድ አድርጊው። በናስ ውስጥ መዳብና ዚንክ አቶም ለአቶም ተጎራብተው ስለሚቀመጡ የተለያየ ሙቀት ሊኖራቸው አይችልም።

ነገሩ የሚለየው ቅይጡ በእውነት ቅይጥ ካልሆነ ነው። መዳብና ተንግስተን አይዋሐዱም፤ ገበያ ላይ የሚሸጠው የሁለቱ ጥራጥሬዎች ተጣብቀው ነው። ጥራጥሬው 10 ማይክሮ ሜትር ከሆነ ግፊቱ በሁለት ናኖ ሰከንድ ገደማ ይስተካከላል። ሙቀት ግን በመዳብ ውስጥ እንኳ ያን ያህል ርቀት ለመዳረስ አንድ ማይክሮ ሰከንድ ያህል ይፈልጋል፤ ያንቺ ሌዘር ደግሞ በጥቂት ናኖ ሰከንድ ያበቃል። እንዲህ ላለው ግፊቱን አንድ አድርገሽ ሙቀቱን ለየብቻ መተው ነው የሚሻለው። ስለዚህ የብረቱን ስም ብቻ ሳይሆን በማይክሮስኮፕ ሲታይ ምን እንደሚመስልም ማወቅ ይኖርብሻል።

አንጥረኛው (ሰኞ ገበያ፣ ደሴ) — ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡15

አሰላሙ አለይኩም። እኔ የተማርኩት በወናፍና በመዶሻ ነው፤ የናስ ዕቃ አቀልጣለሁ፣ እጠግናለሁ። ልጄ ይህን ክር አሳየኝና ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። አንድ ነገር ልጠይቅ። ናስ ሲቀልጥ ዚንኩ ቀድሞ ነው የሚሸሸው። መዳቡ ፈሳሽ ከመሆኑ በፊት ከማቅለጫው አፍ ነጭ ጭስ ይወጣል፤ ጭሱ ሲቀዘቅዝ እንደ ጥጥ ብናኝ ጠርዙ ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው መዳቡን መጀመሪያ አቅልጠን ዚንኩን መጨረሻ ላይ ትንሽ አስበልጠን የምንጨምረው። ታዲያ በሌዘር ሲመታ ዚንኩ ቀድሞ አይሄድም? የሚቀረው ናስ 70 ለ30 ነው ብላችሁ ማስላታችሁ ልክ ነው?

ሐይቅ ዳር — ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡50

ወአለይኩሙ ሰላም ጋሼ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከእሳቱ አጠገብ የቆመ ሰው ነው የሚያነሳው። ዚንክ በ907 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል፤ መዳብ የሚቀልጠው በ1085 ነው። እርስዎ የሚያዩት ነጭ ጭስ ከዚህ የተነሳ ነው።

በምት ሞገዱ ውስጥ ግን ዚንኩ መሸሻ የለውም። መፍላት የዝቅተኛ ግፊት ነገር ነው። በ100 ጊጋ ፓስካል ፈሳሽና እንፋሎት የሚባል ልዩነት ጨርሶ ይጠፋል፤ ጊዜውም ናኖ ሰከንድ ስለሆነ አቶሞቹ ተለያይተው የሚጓዙበት ፋታ የለም። በ4 ትሪሊዮን ዋት ደግሞ ላይኛው ገጽ መዳቡም ዚንኩም አብረው ፕላዝማ ይሆናሉ። 70 ለ30 የሚለው ይጸናል።

የሌዘሩ ኃይል በብዙ እጥፍ ሲቀንስ ግን እርስዎ ያሉት በትክክል ይሆናል። በናኖ ሰከንድ ሌዘር ናስን ጥቂት እያተነኑ የንጥረ ነገሮቹን ድርሻ የሚመረምሩ ኬሚስቶች እንፋሎቱ ዚንክ ስለሚበዛበት ሲቸገሩ ኖረዋል። በቦርከና ስሌት ውስጥም ይህ የሚመጣበት ቦታ አለ፤ ሞገዱ ጀርባው ላይ ደርሶ ግፊቱ ሲለቀቅ ነው። የሞቀው ናስ ወደ ባዶ ቦታ ሲሰፋ ዚንኩ ቀድሞ መትነን ይችላል። እዚያ አካባቢ አንድ የተደባለቀ ሠንጠረዥ አያዋጣም። እስከ ጀርባው ድረስ ላለው የሞገድ ጉዞ ግን ችግር የለበትም።

ገራዶ — ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 2፡40

ውይይቱን በጉጉት እየተከታተልኩ ነው። እኔ በማሽን ጥገና ነው የምተዳደረው። 100 ጊጋ ፓስካል ለኛ ሩቅ ነው፤ ከዚህ ትምህርት ኮምቦልቻ ላለ የብረት ሠራተኛ የሚደርሰው ምንድን ነው? ደግሞስ ስሌታችሁ ውስጥ የብረቱ ጥንካሬ የት አለ? አንዱ አሉሚኒየም በእጅ ይታጠፋል፣ ሌላው አይበገርም፤ እናንተ ግን ስለ እፍግታና ስለ ግፊት ብቻ ነው የምታወሩት።

ሐይቅ ዳር — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡05

የሁለተኛውን ጥያቄህን ልጀምር፤ የአንደኛው መልስ በውስጡ አለ። 6061 የሚባለውን የአሉሚኒየም ቅይጥ ውሰድ። ለስልሶ የቀረበው በ55 ሜጋ ፓስካል መታጠፍ ይጀምራል፤ በሙቀት የታከመው 276 ድረስ ይታገሣል። የንጥረ ነገሮቹ ድርሻ አንድ ነው፣ እፍግታው አንድ ነው፣ የሁኔታ እኩልታውም አንድ ነው። ልዩነቱ ማግኒዥየምና ሲሊከን በውስጡ በምን መልክ እንደተቀመጡ ነው። በምት ሞገድ ጊዜ ይህ ጥንካሬ የሚገለጸው ብረቱ ተመልሶ መለጠጥ በሚያቆምበት ግፊት ነው፤ ከእነዚህ ቁጥሮች ሲሰላ ለለሰለሰው 0.11፣ ለታከመው 0.54 ጊጋ ፓስካል ይሆናል። ሉሁ ስስ፣ ምቱ ፈጣን ሲሆን ከዚህም ከፍ ይላል። በ100 ጊጋ ፓስካል ውስጥ 0.54 ግማሽ በመቶ ያህል ስለሆነ እንተወዋለን። በ3 ጊጋ ፓስካል ግን አምስተኛውን ሊጠጋ ነው፤ መተው አይቻልም።

ያ 3 ጊጋ ፓስካል ደግሞ የጥገና ሰው የሚፈልገው ነው። ሌዘሩን በካሬ ሴንቲ ሜትር ወደ ጥቂት ቢሊዮን ዋት አውርደህ፣ የብረቱን ገጽ በውሃ ሸፍነህ ስትመታው ሞገዱ ገጹን ወደ ውስጥ አምቆ ይተወዋል። የታመቀ ገጽ ላይ ስንጥቅ በቀላሉ አይስፋፋም። የጄት ሞተር ምላጮችን ዕድሜ ለማራዘም ይሠራበታል። የትኛው ቅይጥ ስንት ምት እንደሚፈልግ አስቀድሞ የሚታወቀው በእንዲህ ያለ ስሌት ነው፤ ለዚያም ሌዘሩ አጠገብ መሆን አያስፈልግም፣ አንድ ላፕቶፕ ይበቃል።

መምህር ጦሳ — ሐሙስ፣ ከምሽቱ 3፡40

ለገራዶ አንድ ልጨምር። ንጹሕ ብረት (አይረን የሚባለው ንጥረ ነገር) በ13 ጊጋ ፓስካል አቶሞቹ የሚደረደሩበትን መንገድ ይለውጣል፤ ይህ በምት ሙከራ የታወቀው በ1956 ነው። 304 የሚባለው የማይዝግ ብረት ግን ኒኬልና ክሮሚየም ስላለበት ገና ከመጀመሪያው የተለየ አደራደር አለው። የማይዝጉን ብረት ከንጹሕ ብረት፣ ከክሮሚየምና ከኒኬል ሠንጠረዦች ደምሮ የሚሠራ ሰው በ13 ጊጋ ፓስካል ላይ 304 የማያውቀውን እጥፋት በስሌቱ ውስጥ ያገኛል። ይዘት መደመር ጥሩ የሚሆነው ንጥረ ነገሮቹ ለየብቻ ሲሆኑም በቅይጡ ውስጥም ተመሳሳይ ጠባይ በሚያሳዩበት ክልል ነው። የምድራችን እምብርት ብረትና ኒኬል ነው፤ የውስጠኛው እምብርት ጠርዝ ላይ ግፊቱ 330 ጊጋ ፓስካል ይደርሳል። እዚያ ያለውን ለማወቅ በሌዘር የሚመቱት ሰዎችም የሚታገሉት ከዚህ ከቅይጥ ጥያቄ ጋር ነው።

አንጥረኛው — ዓርብ፣ ከቀኑ 10፡30

መምህሩ ብረቱ ሳይመታ ስንት እንደሚመዝን ማወቅ ግማሽ ሥራ ነው ያሉት ከልቤ ገባ። ከቁራሌው የገዛሁት የናስ ቁራጭ ነበረኝ፤ አሮጌ የቧንቧ መክፈቻ ነው። በወርቅ ሚዛን መዘንኩት፦ 64.18 ግራም። ከዚያ በክር አንጠልጥዬ ንጹሕ ውሃ ውስጥ አስገብቼ መዘንኩት፦ 56.61። ልጄ አሰላልኝና 8.46 ይወጣል አለኝ። 8.53 አልሆነም። ሚዛኔ የታመነ ነው።

መምህር ጦሳ — ዓርብ፣ ከምሽቱ 1፡50

ሚዛንዎ ልክ ነው ጋሼ። የቧንቧ መክፈቻ የሚሠራው ከ70/30 አይደለም። ቶርኖ ላይ በቀላሉ እንዲላጭ እርሳስ ይገባበታል፤ ከተለመዱት አንዱ 58 መዳብ፣ 39 ዚንክ፣ 3 እርሳስ ነው፤ እፍግታውም 8.47 ነው። እርስዎ ያገኙት እዚያው ላይ ነው።

ቦርከና፣ ይህን ቅይጥ ለማስላት ብትሞክሪ ሁለቱንም ነገር በአንድ ጊዜ ታገኚዋለሽ። ይዘቶቹን ስትደምሪ 8.18 ይወጣል፤ ስለዚህ ማጥበቢያው ከ70/30ው ይበልጣል። እርሳሱ ደግሞ ከናሱ ጋር አይዋሐድም፤ በጥቃቅን ጠብታዎች ተበትኖ ይቀመጣል። ጠብታው 3 ማይክሮ ሜትር ቢሆን ግፊቱ በአንድ ናኖ ሰከንድ ገደማ ይስተካከላል፤ ሙቀቱ ግን ወደ 100 ናኖ ሰከንድ ይፈልጋል። መዳቡንና ዚንኩን በአንድ ሙቀት ደምሪያቸው፤ እርሳሱን በራሱ ሙቀት ተይው። 3 በመቶ ስለሆነ የሞገዱን ፍጥነት ብዙ አይለውጠውም፤ ግን ከሁሉ በላይ የሚሞቀውና ቀድሞ የሚቀልጠው እሱ ነው። ግፊቱ ሲለቀቅ ጀርባው ላይ የሚታየው መበጣጠስ ከእነዚህ ጠብታዎች ሊጀምር ስለሚችል እዚያ አካባቢ ስሌትሽን አጥብቀሽ ፈትሺ።

ቦርከና — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡30

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሠንጠረዡን በሁለት መልክ አዘጋጃለሁ፦ አንዱ ለ70/30፣ ሌላው እርሳስ ላለበት። የጨረሩን ባሕርይ እንደ ሐይቅ ዳር ምክር በየንጥረ ነገሩ እደምራለሁ። የመነሻ እፍግታውን ግን ከመጽሐፍ ከምወስድ ብለካው ይሻላል። ስሱ ሉህ ለሚዛን አይሆንም፤ አንድ ካሬ ሴንቲ ሜትሩ 0.017 ግራም ብቻ ነው። ነገር ግን 70/30 ተብሎ የተጻፈበት ወፍራም የናስ ሳህን አለኝ። ጋሼ፣ ቅዳሜ የሐረጎን ዳገት ወጥቼ ደሴ ብመጣ በሚዛንዎ ላስመዝነው እችላለሁ?

አንጥረኛው — ዓርብ፣ ከምሽቱ 3፡55

ነይ ልጄ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሱቅ ነኝ። ሳህኑን ቅባት እንዳይኖርበት በሳሙና አጥበሽ አምጪው። ክሩ ቀጭን ናይሎን ይሁን። ውሃውን ሌሊቱን አሳድሬ እጠብቅሻለሁ፤ አዲስ የተቀዳ ውሃ ብረቱ ላይ የአየር አረፋ ይለጥፍበታል፣ አረፋ ካለበት እፍግታው አንሶ ይወጣል።